«ካቶሊክ» የሚለውን ላውጣው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ጋሼ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ አንባቢዎ ነኝ። አያቴ ባለፈው ወር ዐርፋለች። በአርባዋ ዕለት ድንኳን ውስጥ የሕይወት ታሪኳን እንዳነብ ቤተሰቡ እኔን መርጧል፤ ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ሁለት ገጽ ጽፌ ለታላቁ አጎቴ አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጥሩ ነው፤ ካቶሊክ የሚለውንና ዓሊቴና የሚለውን ግን አውጪ» አለኝ። ለምን ብለው «ድንኳን ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው አለ» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

አያቴ የተወለደችው ትግራይ፣ ኢሮብ፣ ዓሊቴና ነው። አፏን የፈታችው በሳሆ ነው፤ አማርኛ የለመደችው ካገባች በኋላ ነው። ወንድ አያቴ የጣርማበር ሰው ሲሆን ከአሥመራ አዲስ አበባ ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ዓዲግራት ላይ ተዋወቁ፤ ጋቢና ተቀምጣ መጣች፣ እዚሁ ቀረች። ልጆቻቸው ሁሉ ክርስትና የተነሡት በአባታቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። እሷ ግን የራሷን አልተወችም።

ከአልጋዋ በላይ የአቡነ ያዕቆብና የብፁዕ ገብረ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ማታ ማታ የመንዝ በግ ፀጉር እየፈተለች ጸሎቷን ትደግማለች፤ እጇ እንዝርት ስለሚይዝ መቁጠሪያው ጉልበቷ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ግን ስንተኛው ላይ እንደደረሰች አይጠፋትም። በ1995 ዓ.ም. በመቁጠሪያው ጸሎት ላይ ከሮም የብርሃን ምሥጢራት የሚባሉ አዲስ ተጨምረዋል ሲሏት «እኔ በልጅነቴ የተማርኩት የደስታ፣ የሐዘንና የክብር ነው፤ እነሱንም ገና አልጠገብኳቸው» ብላ በሦስቱ ጸናች። ትልልቅ በዓል ሲደርስ ሌሊት ተነሥታ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ ትወርድና ልደታ ካቴድራል አስቀድሳ ማታ ትመለሳለች።

ቡና የምትጠጣው ከመምሬ ሚስት ጋር ነበር። በግቢያችን ሴት ምጥ ሲይዛት ቀድማ የምትጠራውም እሷ ነበረች። ሰው ሲጣላት ግን «ጸረ ማርያም» የሚላት አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሲሰድቧት ሰምቼ እያለቀስኩ ብነግራት «ማርያም ራሷ ትጠይቀኝ እንጂ እሱን ምን አገባው» ብላ እንጀራዋን መጋገር ቀጠለች። በ77 ድርቅ ለተራቡ ሕፃናት ፋፋ የሚያበስሉ ሴቶች ሲፈለጉ ሄዳ ያለ ደመወዝ ስትሠራ ከርማለች፤ አጎቴ እስከ ዛሬ «እናቴ ፋፋ ፋፋ ትሸት ነበር» ይላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ተፈናቃይ ወደ ከተማችን ሲጎርፍ ደግሞ በእጇ የፈተለችውን ባና ከአልጋዋ ላይ አንሥታ ሰጠች። ያኔ ስልክ ተቋርጦ የወንድሟን ልጆች ድምፅ ካጣች ቆይታ ነበር።

ወንድ አያቴ የተቀበረው ደብሩ ግቢ ውስጥ ነው። እሷ ከጎኑ መቀበር አልቻለችም፤ ምክንያቱ ይገባዎታል። አዲስ አበባ የካቶሊክ መቃብር ወሰድናት። አጎቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱ አልተፈታም።

ጥያቄዬ፦ አጎቴ እንዳለው ላውጣው? ሌላም አለኝ። መታወቂያዋ በ1932 ዓ.ም. ተወለደች ይላል፤ እሷ ግን «ጣሊያን ሲወጣ ፍየል እጠብቅ ነበር» ትል ነበር። የትኛውን ልጻፍ? ደግሞስ ካቶሊክ አርባ አለው? የካቶሊኩ አባና መምሬ አንድ ድንኳን ውስጥ ቢገናኙ ምን ይሆናል?

የልጅ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ልጄ፣ አታውጪ። ሁለቱንም አታውጪ። አርባው ከመጽሔቱ ስለሚቀድም ይህን በስልክ ነግሬሻለሁ። እዚህ የማሰፍረው ሰፊውን ነው፤ ያንቺ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ዝም ያለ ሌላ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰው የእድር ጸሐፊ ሥራ መዋጮ መመዝገብና ድንኳን ማስተከል ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነው። ልጆች ያለቅሳሉ፣ ዘመድ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ወረቀቱ ወደ እኔ ይመጣል። ስለዚህ ቅጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ በሕግ ተጋብተው ልጆች አፈሩ። ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ይህን ወረቀት ስም ብቻ ቀይሮ ከአንዱ ቀብር ወደ ሌላው ማሻገር ይቻላል። ያሻገሩም አውቃለሁ፤ ሟቿ ሴት ሆነው ሳለ «አባታችን» ተብሎ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን አጎትሽ አውጪ ያለሽን ሁለት ነገር አውጥተሽ ደብዳቤሽን እንደገና አንብቢው። ዓሊቴና ከወጣ ኤንትሬው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ሳሆ ተናጋሪዋ ሴት ጣርማበር ላይ ከሰማይ የወረደች ትመስላለች። ካቶሊክ የሚለው ከወጣ ደግሞ በበዓል ሌሊት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚያስኬዳቸው ምክንያት ይጠፋል፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለት ሥዕሎች ይወርዳሉ፣ ሬሳቸው ለምን አዲስ አበባ እንደሄደም አይገባም። የሚቀርሽ የኔው ቅጽ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው እኮ ቡናቸውን የጠጣ፣ በምጥ ጊዜ የጠራቸው፣ ሲጣላም የሰደባቸው ሰው ነው። የማያውቀው ነገር የለም። ዝም ብትይ የሚታዘበው ዝምታሽን ነው።

አጎትሽን ግን አትቀየሚው። እናቱን ከአባቱ ጎን መቅበር ያልቻለ ሰው ነው፤ በቀብሩ ቀን የተዘጋበት በር ድንኳን ውስጥ ደግሞ እንዳይዘጋበት ፈርቷል። ከእሱ ጋር አትከራከሪ፤ ጠይቂው። እናቱ ስለ መጀመሪያው ጉዞ ለልጃቸው ያልነገሩት ነገር አይኖርም፤ ያን አስነግሪውና በራሱ ቃል አስገቢው። «ፋፋ ፋፋ ትሸት ነበር» ያለውንም እንዳለ ጻፊው። ሰው የራሱ ቃል ያለበትን ወረቀት አያሰርዝም፤ ይህ በእድር ቤት የተፈተነ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ምክሬ ከመጀመሪያው ይጠብቃል። ካቶሊክ ነበሩ ብለሽ ጻፊ፤ ካቶሊክ መሆን እንዲህ ያለ መልካም ነገር ነው እያልሽ አትስበኪ፣ ይቅርታም አትጠይቂበት። «ምንም እንኳ ካቶሊክ ቢሆኑም ከሁሉም ጋር ተግባብተው ኖረዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት ቀይ እስክሪብቶ አምጪ። ያ «ምንም እንኳ» የሚባለው ስድብ ነው። አያትሽ ከሰው ጋር የተግባቡት ከሃይማኖታቸው ጋር ታግለው አይደለም።

ይህን የምለው ቅሬታው ከምንም ተነሥቷል ለማለት አይደለም። እኔ ራሴ የአርበኛ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ውስጥ «ካቶሊክ» ሲባል «ባንዳ» ከተባለው ብዙም አይርቅም ነበር። አፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት ተቀብለው በግድ ሊያጸኑት ሲሞክሩ የፈሰሰው ደም፣ በ1624 ዓ.ም. ለልጃቸው ለፋሲል ሥልጣኑን ትተው ሃይማኖት የተመለሰበት ታሪክ ከትውልድ ትውልድ ሲነገር መጥቷል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ ያስፈጸመው ጭፍጨፋ እዚሁ በሸዋችን የተፈጸመ ነው። ሰው ከዚህ በኋላ ጣሊያንን፣ ሮምንና ካቶሊክን በአንድ ከረጢት ቢከታቸው አይገርምም።

ግን አንድ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ጠጋ ብሎ «የጣሊያን ሃይማኖት አይደለም ወይ?» ቢልሽ የምትመልሺውን ያዢ። ሥዕላቸው አያትሽ አልጋ በላይ የነበረው አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ሚሲዮናዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ዓድዋ የገቡት በጥቅምት 1832 ዓ.ም. ነው። ኢሮቦች ከእሳቸው ጋር የተዋወቁት በዚያው ዘመን ነው። እሳቸው ያረፉት በሐምሌ 1852 ዓ.ም. ሲሆን የጣሊያን መንግሥት የታወጀው በመጋቢት 1853 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የሚባል መንግሥት ሳይኖር የዓሊቴና ሰዎች ካቶሊክ ነበሩ ማለት ነው። ሁለተኛው ሥዕልማ ከነጭራሹ የኛው ሰው ነው፤ አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም፣ የመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወላጅ፣ በጎንደር ሊቃውንት መካከል የተቆጠሩ መነኩሴ ናቸው፤ በእምነታቸው ምክንያት ታስረው፣ በሰንሰለት እንዳሉ በ1847 ዓ.ም. ዐረፉ። ሮም ብፁዕ ያለቻቸው በ1919 ዓ.ም. ነው።

ለደብረ ብርሃን ሰው የሚጣፍጠው ግን ሌላ ነው። አቡነ ያዕቆብን በ1841 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ጳጳስ አድርገው የሾሟቸው ሚሲዮናዊው ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያ ናቸው። እኒሁ ማሳያ፣ የሀገሩ ሰው አቡነ መስያስ የሚላቸው፣ በ1860 ዓ.ም. ሸዋ ገብተው ንጉሥ ምኒልክን ያገኟቸው የት ይመስልሻል? ልቼ! ዛሬ ከበሬሳ ማዶ ወጣ ብለን የምናየው ልቼ። ፈንጣጣ መከተብ ስለሚያውቁ ሕዝቡ የፈንጣጣ አባት ብሏቸዋል። ከዐሥር ዓመት በላይ ሸዋ ውስጥ ኖረው፣ ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ውጡ ስላሉ ወጡ። አያትሽ ኤንትሬ ላይ ተቀምጠው ሲመጡ እምነታቸው ቀድሟቸው ደርሶ፣ ተባርሮም ነበር።

ይህን ሁሉ ታሪክ ግን የሕይወት ታሪኩ ውስጥ እንዳትከቺ! የቡና ወሬ ነው። የሱስንዮስን ስም በድንኳን ያነሣሽ እንደሆነ የአያትሽ አርባ ቀርቶ የሃይማኖት ጉባኤ ይሆንብሻል፤ በሰፈራችን ደግሞ የክርስቶስን የባሕርይ ነገር ሳይጠየቅ የሚያብራራ ሰው ሞልቷል።

«ጸረ ማርያም» ለተባለው መልሱን ራሳቸው ሰጥተውታል፤ ከዚያ የተሻለ እኔም የለኝም። እንዳለ ጻፊው፤ ተሳዳቢውን ግን አትጥቀሺ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ፦ ካቶሊኮች የመቁጠሪያ ወር ብለው የሚይዙት የፈረንጆቹን ኦክቶበር ነው። እሱ አብዛኛው የሚውለው በእኛው ዘመነ ጽጌ ውስጥ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም። የመምሬ ሚስት ከማኅሌቱ ሲመለሱ አያትሽ መቁጠሪያቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ሲፈትሉ ያገኟቸዋል ማለት ነው። ሁለቱም ስለ አንዲት ሴት ሲያድሩ! ቅዳሴውም ቢሆን እንደ አያትሽ ያሉት የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚቀድሱት ከኛው የግእዝ ቅዳሴ የወጣውን ነው፤ የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ይነሣበታል እንጂ ዜማው ለመምሬ ሚስት ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

የብርሃን ምሥጢራትን ነገር ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ። ያንን ከሁሉ አስቀድሚ! ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በጥቅምት 1995 ዓ.ም. የጨመሩትን ደብረ ብርሃን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ገና አልጠገብኳቸው» ብለው ይለፉት? አያትሽ ታዛዥ ካቶሊክ ብቻ ሳይሆኑ የራሳቸው ሐሳብ ያላቸው ሰው እንደነበሩ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ቅጹ «ሃይማኖተኛ ነበሩ» ብሎ የሚያልፈው ይህን ነው።

ወደ ልደት ዘመናቸው ልምጣ። መታወቂያውን ተይው። የቀበሌ መታወቂያ ሲሞላ ጸሐፊው ቀና ብሎ ፊት እያየ «ስንት ልበልዎት?» የሚልበት ጊዜ ነበር። በ1932 ተወልደው ቢሆን ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃን ነበሩ፤ ፍየል ሊጠብቁ ቀርቶ ፍየል ያስፈራቸዋል። ኢሮብም ሆነ መንዝ ልጅ ለፍየል የሚደርሰው በስድስትና በሰባት ዓመቱ ግድም ነው። ስለዚህ ልደታቸው ወደ 1926 ወይም ከዚያ ቀደም ይላል። ይህ ግምት ነው፤ እርግጡን ግን ከሌላው አያት ሁሉ ይልቅ ያንቺ አያት ዘንድ ማግኘት ይቀላል። የካቶሊክ ቁምስና የጥምቀት መዝገብ ይይዛል፤ ደንባቸው ነው። የተጠማቂው ስም፣ የወላጆች ስም፣ የክርስትና እናት ስም፣ የጥምቀቱ ቀን ይጻፍበታል፤ ሰውየው ሲያገባም ያው መዝገብ ላይ ይታከልበታል። ለዓዲግራት ሀገረ ስብከት ደውለሽ የዓሊቴናን መዝገብ ጠይቂ። ከተገኘ የክርስትና እናታቸውን ስም ጭምር ታውቂያለሽ። ካልተገኘ ዓመት ምሕረት አትፍጠሪ፤ «ጣሊያን ሲወጣ ፍየል ይጠብቁ ነበር» ብለሽ ጻፊ።

እንግዲህ አጀማመሩን እኔ ብጽፈው ይህን ይመስላል፤ አንቺ እንደሚሆንሽ አድርጊው።

«አያታችን የተወለዱት ኢሮብ፣ ዓሊቴና ነው። አፋቸውን የፈቱት በሳሆ ነው። ጣሊያን ከሀገራችን ሲወጣ ፍየል ይጠብቁ ነበር፤ መታወቂያቸው ሌላ ቢልም እኛ የምናምነው ፍየሎቹን ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የመጡት በባለቤታቸው ኤንትሬ ጋቢና ተቀምጠው፣ ደሴን አልፈው፣ የጣርማበርን ዋሻ አቋርጠው ነው። ስለዚያ ጉዞ ለታላቅ ልጃቸው የነገሩት ይህን ነው፦ (እዚህ አጎትሽ ይናገር)። ካቶሊክ ነበሩ። መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የበግ ፀጉር ይፈትሉ ነበር፤ የደስታውን፣ የሐዘኑንና የክብሩን ምሥጢራት ይደግማሉ፤ በኋላ የተጨመሩትን ግን ‘ገና እነዚህን አልጠገብኳቸው’ ብለው አልፈዋቸዋል። ከፈተሉት ፀጉር የተሠራው ባና በ2014 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ለመጣ ሰው ተሰጥቷል።»

ስልኩ ተቋርጦ የወንድማቸውን ልጆች ድምፅ ስላጡበት ጊዜ ልጻፍ አልጻፍ ብለሽ ሳትጨነቂ አልቀረሽም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፊ፣ ማንንም ሳትወቅሺ፤ ባናውን ከሰጡበት ዓረፍተ ነገር አጠገብ አስቀምጪው። ሁለቱን አታያይዢ፣ አታብራሪ። ሰሚው ያያይዘዋል።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። ምግብ ሳይቀርብ አንብቢው፤ ጠላ ከዞረ በኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ ቢያነብም የሚሰማ የለም።

ስለ አርባው። ካቶሊኮች ለሙታን ይጸልያሉ፤ በግእዝ ሥርዓት ላሉት ፍትሐትም አለ። ቤተሰብ ለአባ ነግሮ በሟች ስም ቅዳሴ ያሳርጋል፤ አርባው ዕለት ለማሳረግ ምንም የሚከለክልሽ የለም፣ አስቀድመሽ ስሟን ማስመዝገብ ብቻ ነው። የሕይወት ታሪኩን ግን ቅዳሴው መካከል ላንብብ እንዳትዪ። በካቶሊክ ሥርዓት የቀብር ቅዳሴ ስብከት ሟችን የማወደሻ ንግግር መሆን የለበትም የሚል ደንብ አለ። ለእሱ ድንኳኑ አለልሽ።

አባና መምሬ ሲገናኙ? ጎን ለጎን አስቀምጫቸው፤ ምንም አይሆኑም። ጸሎቱን አባ ያድርጉ፤ ሟቿ የእሳቸው ልጅ ናቸው። መምሬን ፍትሐት ይድገሙልን ብለሽ አታስጨንቂያቸው፤ ሥርዓታቸው አይፈቅድላቸውም፣ እምቢ ካሉ አንቺ ታዝኚያለሽ፣ እሺ ካሉ እሳቸው ይጠየቃሉ። የማጽናኛ ቃል ግን ይናገራሉ፤ በጎረቤትነት ይህ አይከለከልም። ከሁለቱም አስቀድመሽ ማነጋገር ያለብሽ ግን የመምሬን ሚስት ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ አንዴ ብቻ ብቅ ብለው ጠፉ! ስንት ዓመት ቡና አብረው ጠጡ? ስለ ምን ያወሩ ነበር? በጾም ማን ለማን ሽሮ ላከች? አጎትሽም አንቺም የማታውቁትን አያትሽን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ማታ ሂጂ፤ ቡናውን አንቺ አፍዪላቸው።

ጥያቄ፦ ከላይኛው ጋር የሚመሳሰል ነው። አባቴ በልጅነቱ ሚሲዮን ውስጥ ተጠምቆ ነበር። ከመዝገቡ የተገለበጠ ወረቀት አግኝተናል፤ የፈረንጅ ቀን ነው፣ ማርች 1938 ይላል። እህቴ 1931 ዓ.ም. ነው ትላለች፣ እኔ 1930 እላለሁ። ሐውልት ልናሠራ ስለሆነ ተጣልተናል። ከደብረ ሲና

መልስ፦ አንተ ነህ ልክ፤ እህትህ ግን ያለ ምክንያት አልተሳሳተችም። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር ማብቂያ ድረስ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ማርች 1938 ስምንት ሲቀነስለት 1930 ይሆናል፤ ቀኑ ከማርች 10 በፊት ከሆነ የካቲት፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ መጋቢት ነው። ወረቀቱ ኖቬምበር 1938 ቢል ኖሮ እህትህ ትረታ ነበር። ደግሞ ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለው መዝገብ የተወለዱበትንና የተጠመቁበትን ቀን ለየብቻ ሊይዝ ይችላል። የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ድንጋይ አታስቀርጹ።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ሐውልት ላይ ምን ያህል ጽሑፍ ይበቃል? ቀራጩ በፊደል ነው የሚያስከፍለው። ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ስማቸው፣ የክርስትና ስማቸው፣ ተወለዱ፣ ዐረፉ። ግጥም ልታስጽፍ እንዳሰብክ ከጥያቄህ ይሸተኛል፤ የግጥሙን ገንዘብ ለአጥሩ አውለው፣ የመንዝ በግ መቃብር አይለይም። ጽሑፉን ራስህ በትልቁ ጽፈህ ለቀራጩ ስጠው፤ በቃል አትንገረው። «ዐረፉ» የሚለውን በዐይኑ ዐ አድርግ፤ በአልፋው አ ካደረግኸው ከደብሩ መሪጌቶች አንዱ በየተዝካሩ ያነሣብሃል።